የሰንሰለት መጋዝ ሞተርን መስኮቶች ማስተካከል፦ ከድሬዳዋ ጋራዥ የተጻፈ መመሪያ

የባሕር ዛፍ ቆራጮች ከቁልቢ፣ ከቀርሳና ከደንገጎ በኩል መጋዛቸውን በጆንያ ጠቅልለው ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ይዘውት የሚመጡት አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፤ «ባዶውን ሲጮኽ ደህና ነው፣ ግንድ ውስጥ ሲገባ ግን ይታፈናል።» በሽንሌ በኩል የሚመጡት የሚያማርሩት ደግሞ ፕሮሶፒስን ነው። ይህ እሾሃማ ዛፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ወደ ድሬዳዋ አካባቢ የገባ ሲሆን እንጨቱ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ደካማ ሞተርን አይምርም።

ከእነዚህ መጋዞች አብዛኞቹ የሲሊንደራቸው መስኮት (በግድግዳው ላይ ያለው የጭስና የድብልቅ ማለፊያ ቀዳዳ) እንዲነካ አይፈልጉም። ሰንሰለታቸው ደንዝዟል፣ የአየር ፊልትሯቸው በአቧራ ተደፍኗል፣ የማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) ወንፊት በጥላሸት ተዘግቷል፣ የካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ሜምብራና፣ ማለትም ስስ ላስቲኩ፣ ደርቋል። እነዚህ አራቱ ሳይታዩ ሞተር የሚፈታ መካኒክ የደንበኛውን ገንዘብ ያባክናል። ሁሉም ተስተካክሎ፣ ሞተሩም ጤነኛ ሆኖ፣ ባለቤቱ ግን ተጨማሪ ጉልበት ከፈለገ ያን ጊዜ ይህ መመሪያ ይጠቅማል።

ባለፈው ዓመት አንድ የቁልቢ ሰው «ወንድሜ፣ ቀዳዳውን ብቻ ሰፋ አድርግልኝ፤ ከሰፋ ይበረታል» አለኝ። ይህን እምነት ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ስህተት ነው። መስኮት ስለሰፋ ሞተር አይበረታም። የሚበረታው እያንዳንዱ መስኮት በትክክለኛው ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ ሞረድ ሳይሆን መለኪያ ነው።

ሞተሩ እንዴት እንደሚተነፍስ

የሰንሰለት መጋዝ የሚሠራበት የሁለት ምት ሞተር ቫልቭ የለውም፤ ቫልቩ ራሱ ፒስቶኑ ነው። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ሦስት ዓይነት መስኮቶች አሉ። ፒስቶኑ ሲወርድ አናቱ መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን መስኮት ይከፍታል። ጥቂት ዝቅ ሲል ደግሞ የማሸጋገሪያዎቹን መስኮቶች ይከፍታል፤ ከታች ከኮሎው (ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ) ክፍል የታመቀው ትኩስ፣ ማለትም ገና ያልተቃጠለ፣ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በእነዚህ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመለስ የቀሚሱ (ከአናቱ በታች ያለው የፒስቶኑ ግድግዳ) የታችኛው ጠርዝ የመግቢያውን መስኮት ይገልጣል፤ ከካርቡሬተሩ የሚመጣው ድብልቅም ወደ ታችኛው ክፍል ይገባል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። የጭስ ማውጫው የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስነው የመስኮቱ ጣሪያ ነው። የመግቢያው የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስነው ደግሞ የመስኮቱ ወለል ነው። ጣሪያውን ከፍ ካደረጋችሁ ጭሱ ቀድሞ ይወጣል፤ ወለሉን ዝቅ ካደረጋችሁ ድብልቁ ቀድሞ ይገባል። በጭስ ማውጫው መከፈትና በማሸጋገሪያው መከፈት መካከል ያለው ልዩነት ለተቃጠለው ጋዝ መውጫ የሚሰጥ ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ከጠበበ የተቃጠለው ጋዝ በማሸጋገሪያው ገብቶ ትኩሱን ድብልቅ ይበክለዋል። ከረዘመ ደግሞ ፒስቶኑን ሊገፋ ይችል የነበረው ግፊት በማርሚታው ይባክናል።

ሳይፈታ የሚለካ

ከመፍታታችሁ በፊት መጋዙን በተሳለ ሰንሰለት አንድ ግንድ ላይ ሞክሩት። 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ባሕር ዛፍ በቂ ነው። ሦስት ጊዜ ቆርጣችሁ በሰዓት ያዙና ጻፉት። ይህ ቁጥር ከሌላችሁ ሥራው ሲያልቅ የምትፈርዱት በጆሮ ይሆናል፤ ማርሚታው የተከፈተ መጋዝ ደግሞ ጆሮን በቀላሉ ያታልላል።

ቀጥሎ ኮምፕረሽን (ፒስቶኑ የሚያምቀውን አየር ግፊት) ለኩ። እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ አትርሱ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ያው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚያሳየው ድሬዳዋ ላይ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል፣ ሐረር ላይ ደግሞ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። አምራቹ በመጽሐፉ የጻፈውን ቁጥር ሐረር ላይ ያጡ ሰዎች ጤነኛ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ሲቀይሩ አይቻለሁ።

ከዚያ በፒስቶኑ አናትና በሲሊንደሩ ጣሪያ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ለኩ። ራዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን እስታኞ (ለስላሳ የብየዳ ሽቦ)፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ውሰዱ። ጫፉን አጥፋችሁ በካንዴላው (የእሳት ብልጭታ በሚሰጠው ክፍል) ቀዳዳ አስገቡና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንዲነካ አድርጉ። ሞተሩን በእጅ አንድ ጊዜ አዙሩት፤ እስታኞው ይጨፈለቃል። የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊፐር ለኩ። ልኬቱን በስፒኖቶው (ፒስቶኑን ከክንዱ ጋር በሚያያይዘው ፒን) አቅጣጫ በግራም በቀኝም ውሰዱ፤ በሌላው አቅጣጫ ፒስቶኑ ስለሚወዛወዝ ቁጥሩ ያሳስታል። ከፋብሪካ የወጣ መጋዝ ብዙውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ያሳያል። የምንፈልገው 0.6 ገደማ ነው። ከ0.5 በታች አትውረዱ፤ ሞተሩ ሲግልና በፍጥነት ሲሽከረከር ፒስቶኑ ጣሪያውን ይመታል።

አሁን ዲግሪ፤ መስኮት የሚከፈትበት ጊዜ የሚለካው ኮሎው በዞረበት ዲግሪ ነው። ከ0 እስከ 360 የተከፋፈለ ክብ በወረቀት አሳትሙ፤ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ንባቡ ይጠራል። በካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ቮላኖው (በኮሎው ጫፍ ያለው ተሽከርካሪ ጎማ) ላይ እሰሩትና ከሞተሩ አካል ጋር በታሰረ ቀጭን ሽቦ አመልካች አብጁለት። ፒስቶኑ የሚደርስበትን የላይኛውን ጫፍ በዓይን አትገምቱ። ሸክላው የወጣለት አሮጌ ካንዴላ ላይ ብሎን አስበይዱና ፒስቶኑን ከጫፉ በፊት የሚያቆም መሣሪያ ሥሩ። ሞተሩን በቀስታ ወደ አንድ አቅጣጫ እስኪቆም አዙሩና ቁጥሩን ጻፉ፤ ወደ ሌላውም አዙሩና ጻፉ። ትክክለኛው ጫፍ የሁለቱ መካከል ነው። ክቡን እዚያ ላይ ዜሮ አድርጉት። ከዚያ ማርሚታውንና ካርቡሬተሩን አውርዳችሁ፣ የእጅ ባትሪ እያበራችሁ፣ ስስ ወረቀት በመስኮቱ ጠርዝና በፒስቶኑ መካከል አስገብታችሁ የሚያዝበትንና የሚለቀቅበትን ዲግሪ መዝግቡ።

ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 36 ሚሊ ሜትር ምት (ፒስቶኑ የሚጓዘው ርቀት) ያለውን፣ 70.7 ሲሲ የሆነውን የሁስቅቫርና 372 ዓይነት ሞተር እንውሰድ። የምትለኩት ሲሊንደር ከላይኛው ጫፍ በኋላ በ103 ዲግሪ የጭስ ማውጫውን፣ በ122 ዲግሪ ማሸጋገሪያውን ከፈተ፤ ከጫፉ በፊት በ73 ዲግሪ ደግሞ መግቢያውን ከፈተ እንበል። ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከሲሊንደሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (ስስ ማሸጊያ) 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው እሱን አውጥቶ ቤንዚንና ሙቀት በሚችል ማስቲሽ መተካት ክፍተቱን 0.6 ያደርገዋል፤ ኮምፕረሽኑም ይጨምራል።

ነገር ግን ሲሊንደሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲወርድ መስኮቶቹም አብረው ይወርዳሉ። በዚህ ሞተር ጭስ ማውጫው አጠገብ አንድ ሚሊ ሜትር ሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ጭስ ማውጫው ከ103 ወደ 105 ገደማ ይዘገያል፤ ማሸጋገሪያው ወደ 124 ይሄዳል፤ መግቢያው ግን በ75 ገደማ ቀድሞ ይከፈታል። ግባችን ጭስ ማውጫው 102፣ ማሸጋገሪያው 124፣ መግቢያው 78 ይሁን። በጭስ ማውጫውና በማሸጋገሪያው መካከል 22 ዲግሪ ይኖራል፤ ለሥራ መጋዝ ጥሩ ልክ ነው። ይህን ለማግኘት የጭስ ማውጫውን ጣሪያ 0.8 ሚሊ ሜትር ከፍ፣ የመግቢያውን ወለል 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ! ለዚህ ነው «ሰፋ አድርግልኝ» የሚለው ቃል የሚያሳስበኝ።

ሦስቱ የማይታለፉ ድንበሮች

የመጀመሪያውን ሲሊንደሬን ያበላሸሁት እነዚህን ባለማወቄ ነው። ጭስ ማውጫውን በዓይኔ ለክቼ ወደ ጎን አሰፋሁት። መጋዙ በመጀመሪያው ቤንዚን ደስ የሚል ድምፅ አወጣ። በሁለተኛው ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና ቆመ። ስፈታው ፋሻው የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተሰቅሎ ተሰብሯል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሸንትሯል። መጋዙ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነበር። ሲሊንደሩን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ፤ ሰውየው ግን አዲሱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ሥራ ፈታ። ያ ፊቱ ከዓይኔ ስላልጠፋ ነው ይህን ክፍል የማረዝመው።

አንደኛው ድንበር ስፋት ነው። የጭስ ማውጫው መስኮት ቀጥታ ስፋቱ ከሲሊንደሩ ስፋት 65 በመቶ አይለፍ፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ይህ 32.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በሰፋ ቁጥር ፋሻው በእያንዳንዱ ዙር ወደ ባዶው ይለጠጣል። ጣሪያውም እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ቅስት የጎበጠ ይሁን፤ ፋሻው ሲመለስ ከጠርዙ ጋር ቀስ በቀስ ይገናኛል።

ሁለተኛው የፒስቶኑ ቀሚስ ነው። ፒስቶኑን ያለ ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡና መስኮቱን ተመልከቱ። ቀሚሱ መስኮቱን በግራም በቀኝም ቢያንስ በ2 ሚሊ ሜትር ማለፍ አለበት። ፒስቶኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ሲሆን ደግሞ የቀሚሱ የታችኛው ጠርዝ የጭስ ማውጫውን ወለል ቢያንስ በ1 ሚሊ ሜትር ሸፍኖ ይቅር። ይህ ካልሆነ የታችኛው ክፍል በቀጥታ ከማርሚታው ጋር ይገናኛል፤ ሞተሩም የሳበውን መልሶ ይተፋዋል።

ሦስተኛው የፋሻው ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ፒስቶኑ ላይ ፋሻውን እንዳይዞር የምትይዝ ትንሽ ፒን አለች። ጫፎቹ የሚያልፉበትን መስመር በማርከር ግድግዳው ላይ አስምሩ። ወደዚያ መስመር የትኛውም መስኮት አይቅረብ።

መቁረጥ

ይህች ከተማ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ጀምሮ የብረት ሥራ ታውቃለች፤ ቶርኖና ሞረድ የሚያውቅ ባለሙያ አይጠፋባትም። ያም ሆኖ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ትልቅ ማሽን ሳይሆን ፍጥነቱ የሚስተካከል ትንሽ የእጅ መፍጫ፣ የካርባይድና የአልማዝ ራሶች፣ ቁጥር 400 እና 600 የብርጭቆ ወረቀት፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ነው። የሚቻል ከሆነ ሥራውን በተለዋጭ ሲሊንደር ላይ ጀምሩት፤ ዋናው ሳይነካ ይቆያል።

የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ አልሙኒየም ቢሆንም በላዩ ላይ እንደ ብርጭቆ የጠነከረ ስስ ሽፋን አለው። የካርባይዱ ራስ ይህን ሽፋን በተሳሳተ አቅጣጫ ከመታው እንደ ቀለም ይላጣል። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ስትደርሱ በአልማዝ ራስ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ከሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ውጭ አቅጣጫ ሥሩ። የምትፈልጉትን መስመር በማርከር ቀቡና በመርፌ ጫሩት። ካርባይዱን ጭረቱ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሚሊ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ተጠቀሙበት፤ የቀረውን በአልማዝ። ቶሎ ቶሎ አቁሙና ለኩ። የወጣ ብረት አይመለስም።

የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከመስኮቱ ወደ ውጭ እየሰፋ ይሂድ፤ ግድግዳው በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ጥላሸት አይይዝም። መግቢያውን ግን እንደ መስታወት አታድርጉት። የቤንዚን ጠብታ በጣም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይፈስሳል፤ ትንሽ ሻካራ ሲሆን ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ወለሉን ዝቅ ካደረጋችሁ በኋላ ከካርቡሬተሩ ጎማ ጋር ያለውን መገናኛ እዩ፤ ደረጃ ካለ አስተካክሉት።

ማሸጋገሪያዎቹን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ጣሪያቸውን አትንኩ። አቅጣጫቸው ትኩሱን ድብልቅ ከጭስ ማውጫው አርቆ ወደ ኋላ ግድግዳ ይልከዋል፤ ያ አቅጣጫ ከተበላሸ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይወጣል። ከሥር ባለው መግቢያቸው ላይ የቀረውን የቀለጠ አልሙኒየም ትርፍ አንሱና ከሞተሩ አካል ጋር አገጣጥሟቸው፤ ያ ይበቃል።

አሁን የሥራው ሁሉ ዕድሜ የሚወሰንበት ደረጃ መጣ፤ ጠርዞቹን ማለዘብ። እያንዳንዱ መስኮት ዙሪያውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ተዳፋት ይሠራለት፤ ከላይና ከታች በይበልጥ። ሲጨርሱ ቁራጭ ጥጥ ወስዳችሁ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች በመስኮቶቹ ላይ አንሸራቱት። አንዲት የጥጥ ክር ጠርዙ ላይ ከቀረች ስለቱ አለ ማለት ነው፤ እንደገና ጀምሩ። ጣት የማይሰማውን ጥጥ ያሳያል። እኔ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አራትና አምስት ጊዜ የምመለስበት ሲሊንደር አለ።

ከዚያ እጠቡ። በቤንዚን ብቻ መታጠብ አይበቃም፤ የተፈጨው ብናኝ በዘይቱ ውስጥ ይደበቃል። ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ተጠቀሙ። ነጭ ጨርቅ ሲያልፍበት ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ቀጥሉ፤ ወዲያው አድርቁና ዘይት ቀቡት።

መግጠምና የአየር ፍንጣቂ መፈተሽ

የስፒኖቶውን ማቆሚያ ቀለበቶች አዲስ አድርጉ፤ አሮጌ ቀለበት ከወለቀ ያን ሁሉ ሥራ በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል። በፒስቶኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ ማውጫው ይዙር። ማስቲሹን ስስ አድርጉት። ሞተሩን ከገጠማችሁ በኋላ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና የሚነካካ ነገር ካለ ስሙ፤ ሲሊንደሩ ስለወረደ ኮሎው የሲሊንደሩን የታችኛውን ጫፍ ሊነካ ይችላል። እስታኞውን እንደገና አስገብታችሁ ክፍተቱን አረጋግጡ። የኮምፕረሽን መለኪያው ከበፊቱ ከፍ ማለት አለበት፤ ነገር ግን በተራ ቤንዚን ለሚሠራ መጋዝ ከ13 ባር በላይ እንዲሄድ አልፈልግም።

የጭስ ማውጫውንና የመግቢያውን አፍ በጎማ ቁራጭ ድፈኑ። ከደም ግፊት መለኪያ የወጣ ፓምፕና ሰዓት በካንዴላው ቀዳዳ በኩል አገናኙና እስከ 250 ድረስ ንፉ። መርፌው ባለበት ከቆመ ሞተሩ አልፈሰሰም። ከወረደ የሳሙና አረፋ በሲሊንደሩ ሥርና በሁለቱ ፓራኦሊዮዎች (በኮሎው ዙሪያ ያሉ ማሸጊያ ጎማዎች) ላይ ቀቡ፤ የሚፈላበት ቦታ ፍንጣቂው ነው። ይህን ሳታደርጉ አታስነሡ። ከውጭ አየር የሚስብ ሞተር ዘይቱ ያንሰዋል፤ ፒስቶኑም ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል።

ማርሚታውም መከፈት አለበት፤ የሰፋ መስኮት ፊት የጠበበ ማርሚታ ካለ ጥቅሙ ይጠፋል። የመውጫው ስፋት ከጭስ ማውጫው መስኮት ስፋት ሦስት አራተኛ ያህል ይሁን። የእሳት ፍንጣሪ የሚይዘውን ወንፊት ግን መልሳችሁ ግጠሙት። በበጋ የደረቀ ሣር መሀል የሚሠራ መጋዝ ያለ ወንፊት ደን ያቃጥላል።

ማስነሣትና ማስተካከል

ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ዘይቱን አብዙ፤ በ5 ሊትር ቤንዚን 160 ሚሊ ሊትር ጥሩ የሁለት ምት ዘይት። ኤች የሚለውን የካርቡሬተር ብሎን (በሙሉ ጋዝ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን) ከበፊቱ ሩብ ዙር ከፈት አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ሞተሩ አሁን ብዙ አየር ስለሚስብ በድሮው ልክ ከተተወ ድብልቁ ይሳሳል። በሙሉ ጋዝ ባዶውን ሲጮኽ ድምፁ ትንሽ የተቆራረጠ፣ የሚንተባተብ መሆን አለበት። ግንድ ውስጥ ገብቶ ሲጫን ያ መንተባተብ ጠርቶ አንድ ወጥ ድምፅ ይሁን። ባዶውን እያለ ጥርት ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ድብልቁ ስስ ነው፤ ወዲያው አቁሙ። የፍጥነት መለኪያ ካላችሁ ባዶውን አምራቹ ከፈቀደው ዙር አታሳልፉት።

በእኛ አካባቢ ሰዎች ሞተር የሚያቃጥሉት በዚህ ነው፦ መጋዙን ደንገጎ ላይ ወይም ሐረር ላይ አስተካክለው፣ ቁልቁል ወርደው ሽንሌ ሜዳ ላይ ይሠሩበታል። ቆላው ላይ አየሩ ስለሚወፍር ደጋ ላይ ልክ የነበረው ድብልቅ ይሳሳል፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ሞተሩ መቀዝቀዣ ያጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ፒስቶን ይነክሳል። ስትወርዱ ኤች ብሎኑን ከፈት አድርጉ፤ ስትወጡ መልሱት። ከፍታን ራሳቸው የሚያስተካክሉ አዳዲስ መጋዞች ይህ አያሻቸውም።

በመጋዙ ከሚሠራው ሰው ጋርም ተነጋገሩ። የሰንሰለቱ ፍጥነት ስለሚጨምር የአሞሌው (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ጫፍ እንጨት ሲነካ መጋዙን ወደ ላይና ወደ ሠሪው የሚወረውረው ኃይልም ይጨምራል። የሰንሰለቱ ፍሬን ሳይሠራ ይህን መጋዝ ለባለቤቱ አላስረክብም፤ ጆሮውንም እንዲሸፍን እነግረዋለሁ።

የመጀመሪያውን ሙሉ ታንክ በግማሽ ጭነት አሠሩት። ከሁለተኛው በኋላ ካንዴላውን አውጡና ቀለሙን እዩ፤ ቡናማ ከሆነ ቀጥሉ፣ ነጭ ከሆነ ኤች ብሎኑን ክፈቱ። ከዚያ ያንን 40 ሴንቲ ሜትር ግንድ በዚያው ሰንሰለት ሦስት ጊዜ ቁረጡና ቀድሞ ከጻፋችሁት ሰዓት ጋር አስተያዩ። ከአሥር ታንክ በኋላ ማርሚታውን አውርዳችሁ በመስኮቱ በኩል ፒስቶኑን በእጅ ባትሪ ተመልከቱ፦ ፋሻው አንጸባርቆ፣ ቀሚሱ ላይ የማሽኑ ቀጫጭን መስመሮች ሳይጠፉ ከታዩ፣ መጋዙን ወደ ቁልቢ መልሱት።